ቀብድ የማይጠየቅ ሰው

ልጄ፣ የላክሽልኝን ወረቀት ደጋግሜ አነበብኩት። የሱቁ ኪራይ፣ የንግድ ፈቃዱ፣ የመደርደሪያው ዋጋ፣ የመጀመሪያው የጨርቅ ግዢ ተራ በተራ ተጽፏል። አባትሽ ቢያየው ደስ ይለው ነበር። ከሥሩ «አክስትዬ፣ የጎደለ ካለ ይጨምሩበት» ብለሻል። የጎደለ አለ፤ በብር የሚገዛ ስላልሆነ ግን ከወጪዎችሽ ዝርዝር ውስጥ አልገባም።

ሱቅሽን የምትከፍቺበት መርካቶ ምን ዓይነት ቦታ እንደሆነ አስቀድሜ ልንገርሽ። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ለራሱ ሰዎች ፈልጎ የአገሬውን ነጋዴ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ አዲሱንም ቦታ «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ የአገሬው ገበያ፣ አለው። እንዲህ በመገፋት የተጀመረ ገበያ ነው። ከዚያም ወዲህ ያላየው የለም። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። በ1969 የብር ኖት ተለወጠ። በመስከረም 2013 የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች እንደገና ተቀይረው የ200 ብር ኖት ተጨመረ። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። በጥቅምት 2017 ደግሞ እዚያው መርካቶ ሸማ ተራ ተቃጠለ።

በእንዲህ ያለው ጊዜ ማን ወድቆ እንደሚቀርና ማን ቶሎ እንደሚነሳ ከልጅነቴ ጀምሬ ሳይ ኖሬአለሁ። ቶሎ የሚነሳው ብዙ ብር የነበረው ሰው ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ዕድሜዬ ከፍ ሲል ያስተዋልኩት ሌላ ነው። የሚነሳው፣ ጅምላ አከፋፋዩ «ዕቃውን ውሰድ፣ ስትሸጥ ታመጣለህ» የሚለው ሰው ነው። ቀብድ አይጠየቅም፣ ማስያዣ አይጠየቅም፤ ስሙ ብቻ ይበቃል። ያ ስም የሚሠራው ገበያው ደህና በሆነበት ዘመን፣ ማንም ትኩረት በማይሰጣቸው ትንንሽ ነገሮች ነው። ከዚህ በታች የምጽፍልሽ እነሱን ነው።

1. ቃልሽን ቆጥበሽ ስጪ

«ነገ አመጣለሁ» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ያን የሰማ ሰው ነገን በአንቺ ቃል ያቅዳል፤ እሱም ለሌላ ቃል ይገባል፤ ያኛውም ለሌላ። የመርካቶ ገንዘብ የሚዞረው እንዲህ ነው። አንዱ ቃል ሲታጠፍ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይቆማሉ፤ ማን እንዳስቆማቸውም ተጠያይቀው ይደርሱበታል። ስለዚህ በሦስት ቀን የምትችዪውን «በአምስት ቀን» በይና በአራተኛው አድርሺ።

ቀብድ ከተቀበልሽ ደግሞ ነገሩ አለቀ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ ሰጥቶ ውሉን የተወ ሰው ቀብዱን ያጣል፣ ቀብድ ተቀብሎ የተወው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል ይላል። ብዙ ነጋዴ ይህን ያውቃል፤ አንዳንዱም ያሰላበታል። ሌላ ገዢ ዋጋ ጨምሮ ሲመጣ «እጥፉን ብከፍለውም አተርፋለሁ» ይላል። ልጄ፣ አንቺ ይህን ስሌት አትጀምሪ። ሕጉ የሚያስከፍልሽ እጥፍ በዚያው ቀን ያልቃል፤ ያ ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ ስለ አንቺ የሚናገረው አለው።

የማትችዪበት ቀን ይመጣል፤ የማይመጣበት ነጋዴ የለም። ያን ጊዜ ቀኑ ሳይደርስ ሄደሽ ተናገሪ። «የዓርቡን ለማክሰኞ አድርጉልኝ፤ ግማሹ ይኸው» ያለች ሴት ስትከበር እንጂ ስትዋረድ አላየሁም። ሰውን የሚያስከፋው ስልክ ዘግቶ መጥፋት ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሂሳብሽ ውስጥ ብር እንደሌለ እያወቅሽ ቼክ መጻፍ ነው። ደረቅ ቼክ ወንጀል ነው፤ «ለመያዣ ብቻ ጻፊልኝ» የሚልሽ ወዳጅ ቢሆንም እንኳ አትጻፊ። በዚህች አንዲት ቅጠል ወረቀት የታሰሩ፣ ቤታቸው የፈረሰ ደህና ሰዎች አውቃለሁ።

ሰዓትም ቃል ነው። «የሐበሻ ቀጠሮ» የሚባለውን ነገር እኔ አልቀበለውም። ራሳችን በራሳችን ላይ የለጠፍነው ስድብ ነው። እድር ላይ ያረፈደ መቀጮ ይከፍላል፤ የእቁብ ዕጣ በቀኑና በሰዓቱ ይወጣል፤ ማኅበርተኛው ጽዋውን በወሩ ቀን ያደርሳል። ለእነዚህ ሁሉ ሰዓት ማክበር የቻለ ሕዝብ ለሥራ ቀጠሮ የሚያቅተው ምን ሆኖ ነው?

2. ጨርቅ ሳትወጥሪ ለኪ

ሜትሩ ላይ ጨርቁን ወጥሮ የሚለካ ነጋዴ በእያንዳንዱ ሜትር ጥቂት ጣት ያተርፋል። ገዢዋ አታይም። የምታውቀው ልብስ ሰፊው ዘንድ ደርሳ «አይበቃም፣ ጨምሪ» ስትባል ነው። ተመልሳ መጥታ አትጣላሽም፤ ለክርክር የሚሆን ጊዜ የላትም። ዝም ብላ ለሚቀጥለው ሠርግ ሌላ ሱቅ ትሄዳለች፤ እህቷንም፣ ጎረቤቷንም ይዛ ትሄዳለች። አንቺም «ዘንድሮ ገበያው ቀዘቀዘ» ትያለሽ።

ጨርቁ ቀለም የሚለቅ ከሆነ ሳትጠየቂ ተናገሪ። «ለብቻው እጠቢው» በይ። ገዢዋ ዋጋ ልታስቀንስ ትችላለች፤ ታስቀንስ። በርበሬ ላይ ሸክላ፣ ጤፍ ላይ ሰጋቱራ የሚጨምሩ ሰዎች ባሉበት ከተማ ውስጥ የዕቃዋን ነውር ራሷ የምትናገር ሻጭ ስትገኝ ሰው አይረሳትም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ማጭበርበርን ብልህነት እያስመሰለ ብዙ ልጆቻችንን አበላሽቷል፤ በቤቴ ውስጥ ሲነገር አልወድም።

ደረሰኝም ቁረጪ። ግብሩ ከበደ የሚለውን አቤቱታ እኔም እጋራለሁ፤ ከነጋዴው ማኅበር ጋር ሆነሽ በግልጽ አቅርቢው። ነገር ግን በደንበኛ ፊት «በደረሰኝ ይህን ያህል፣ ያለ ደረሰኝ ይህን ያህል» የሚል ሁለት ዋጋ አይኑርሽ። ሁለት ዋጋ ያላት ሴት ሁለት ቃል እንዳላት ደንበኛዋ ይረዳል። የቀጠርሻት ልጅም አጠገብሽ ቆማ ትማራለች፤ ለመንግሥት የምትደብቂውን ስታይ፣ እሷም ከአንቺ መደበቅ ትጀምራለች።

3. የሽያጩን ብር ያንቺ አድርገሽ አትዪው

በንግድ ውስጥ ብዙ ወጣት የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለሽ አንብቢው። 30 ሜትር ያለው ጣቃ በሜትር 400 ብር ገዝተሽ በ460 ብትሸጪ፣ ማታ ሳጥንሽ ውስጥ 13,800 ብር ይኖራል። 12,000ው የጨርቁ ነው። በቀረው 1,800 ላይ ኪራይ፣ መብራት፣ ጫኝና አውራጅ፣ የልጅቷ ደመወዝ፣ ግብር ይጠብቁሻል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የተረፈችው ትንሽ ብር ናት ያንቺ። ማታ ማታ 13,800ውን እያየች ስልክ የምትቀይር፣ ጓደኛ የምትጋብዝ ነጋዴ በዓመቱ መደርደሪያዋ ይሳሳል።

ሌላም ስውር ነገር አለ። በሐምሌ 2016 ዶላር ሲዘል፣ በድሮው ዋጋ የገዙትን በአዲስ ዋጋ የሸጡ ሰዎች «አተረፍን» ብለው ነበር። ዕቃ ለመተካት ወደ ጅምላ ሲሄዱ ትርፍ ያሉት ገንዘብ የዋናውን ጉድለት እንኳ አልሞላላቸውም። ስለዚህ ትርፍሽን ስታሰዪ የገዛሽበትን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ያንኑ ዕቃ ነገ የምትተኪበትን ዋጋ ጠይቂ። ለዚህ ብልጥ መሆን አያስፈልግም፤ ደብተር መያዝና ማታ ማታ ሳይታክቱ መጻፍ ይበቃል። ቴሌብር ላይ የገባውንም፣ በእጅ የተቀበልሽውንም፣ በዱቤ የሰጠሽውንም ለየብቻ ጻፊ። ዱቤውን ስትጽፊ ከተበዳሪው ፊት ጻፊ፤ ሳያይ የተጻፈ ዱቤ ጠብ ነው።

እቁብ ግቢ። ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው አንዳንዴ እቁብን የድሮ ሰው ነገር አድርጎ ይንቃል። ወለድ የለውም፣ ዳኛና ጸሐፊ አለው፣ ዕጣ የወጣለት ዋስ ጠርቶ ይቀበላል፤ ይኸው ነው። ግን ከባንክ የማታገኚው አንድ ትምህርት አለው። ዕጣው መጀመሪያ የወጣለት ሰው በሌሎች ገንዘብ ይሠራል፤ መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ለሁሉም አበዳሪ ሆኖ ከርሟል። የሰውን ጠባይ ማወቅ ብትፈልጊ ብሩን ከወሰደ በኋላ ባሉት ሳምንታት እዪው። ሳይወስድ ሁሉም ቀድሞ ይመጣል። ወስዶም እንደ መጀመሪያው ቀን የሚመጣውን ሰው ስሙን ያዢ፤ ወደፊት አብረሽው የምትሠሪው እሱ ነው። አንቺንም ሌሎች በዚያው ዓይን ያዩሻል።

4. ዋስ ስትሆኚ መጠኑን አጽፊ

ለዘመድም ለወዳጅም ዋስ ሁኚ፤ ማንም ዋስ ሳይሆንለት ራሱን የቻለ ሰው አላውቅም። ነገር ግን በሕጋችን ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተጻፈ ዋስትናው ፈራሽ ነው። ይህ የተደነገገው ለአንቺ ነው፤ ተጠቀሚበት። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል ካየሽበት ደግሞ ቆም በይ፤ አበዳሪው ተበዳሪውን ትቶ በቀጥታ ወደ አንቺ መምጣት ይችላል ማለት ነው። ያን ያህል ከኪስሽ ወጥቶ ልጆችሽ ሳይራቡ መኖር የምትችይ ከሆነ ፈርሚ፤ ካልሆነ በፍቅር እምቢ በይ። በይሉኝታ የሚፈረም ዋስትና ሁለቱንም ቤት ያፈርሳል።

5. ከማንም ለመማር አትፈሪ

ስለ ማሚቱ ጋሼ ሰምተሻል? ብዙ ወጣት አያውቃትም፤ ያሳዝነኛል። ገጠር የተወለደች፣ ገና በልጅነቷ የተዳረች ሴት ናት። በመጀመሪያ እርግዝናዋ ምጥ ለቀናት ጠንቶባት ልጇን አጣች፤ ፊስቱላም ያዛት። አዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል አመጧት። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ የመጡት ባልና ሚስት፣ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን፣ ይሠሩ ነበር። ሕክምናዋን ካገኘች በኋላ አገሯ ከመመለስ እዚያው ቀረች። አልጋ አነጠፈች፣ እንደ እሷ የተጎዱትን ሴቶች አጽናናች። ከዚያ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ማቀበል ጀመረች። ስታቀብል እጃቸውን ታይ ነበር። ፊደል ያልቆጠረች ሴት በማየትና በመሞከር ብቻ፣ ሐኪሞቹ እየመሯት፣ ራሷ ቀዶ ሕክምና የምትሠራ ሆነች። ቆይቶም ከውጭ አገር ሳይቀር ለመጡ ሐኪሞች ይህንኑ ሥራ አስተማረች። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሃምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማት።

እኔን በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚይዘኝ ሜዳሊያው አይደለም፤ ያ የአልጋ ማንጠፉ ዘመን ነው። አልጋ የምታነጥፍ ሴት ሁሉ ቀዶ ሐኪም አትሆንም፤ እሷ ግን አልጋውን እያነጠፈች ዓይኗን ከሥራው አላነሳችም። ያዩዋትም ሐኪሞች «አንቺ ፊደል አታውቂም» ብለው አልከለከሏትም። ሁለቱም ነገር ያስፈልጋል፤ የሚማር ትሕትናና የሚያስተምር ልብ።

አንቺ ዲግሪ አለሽ። አጠገብሽ ያለው ነጋዴ ምናልባት ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ ይሆናል። ጨርቅ በጣቱ ዳብሶ ጥጡና ፖሊስተሩ ስንት ስንት እንደሆነ ይነግርሻል። ሄደሽ ጠይቂው። «ጋሼ፣ ያስተምሩኝ» ማለት ከሰው አያሳንስም፤ ያን ቃል ስትዪ ደግሞ የሚያስተምርሽ ሰው ጠባቂሽም ይሆናል።

6. ጎረቤትሽን አሸንፊው፣ አታጥፊው

በመርካቶ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች በአንድ ተራ ይቀመጣሉ። ከግራም ከቀኝም ያንቺኑ ጨርቅ የሚሸጡ ይኖራሉ። ይህን እንደ ጦርነት የሚያዩት አሉ። አንቺ የደራርቱ ቱሉን ሩጫዎች አስቢ። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር አሸንፋ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። መስመሩን ካለፈች በኋላ ሁለተኛ የወጣችውን ነጯን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየርን ጠብቃ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ እገዳ ወደ ኦሎምፒክ የተመለሰችበት ዓመት ነበር፤ ያ ምስል ምን ያህል እንደተናገረ አስቢ። ከ17 ዓመት በኋላ በኒውዮርክ ማራቶን ደግሞ ፓውላ ራድክሊፍ ስትዳከም አይታ «በርቺ፣ ነይ» አለቻት። ያንን ማራቶን ደራርቱ አሸነፈች። ለተፎካካሪዋ ደግነት ስታሳይ ድሏ አልቀነሰባትም፤ እንዲያውም ዛሬ ሰው ከሰዓቷ ይልቅ ያን ደግነቷን ያወራል።

ስለዚህ ደንበኛ አንቺ ዘንድ የሌለ ጨርቅ ከጠየቀሽ «አላመጣንም» ብለሽ አትሸኚው። ካለበት ሱቅ ላኪው፤ ልጅቷን አስከትለሽ ላኪው። ጎረቤትሽ መጀመሪያ ይገረማል። ከዚያ እሱም ይልካል። እሳት በተነሳ ቀን ዕቃሽን አብሮሽ የሚያወጣውም ይኸው ጎረቤት ነው። የሰው ዕቃ እያጣጣልሽ የራስሽን ለመሸጥ ግን ከቶ አትሞክሪ።

7. የላብ ዋጋ አታሳድሪ

ጣቃውን ተሸክሞ ፎቅ ያወጣው ልጅ ያንኑ ዕለት፣ ላቡ ሳይደርቅ ይከፈለው። «ዝርዝር የለኝም፣ ነገ ና» አይባልም። ሻይ የሚያመጣልሽን፣ ሱቅ በደረቴ የሚያዞረውን፣ በር ላይ ጫማ የሚጠርገውን ሊስትሮ በስሙ ጥሪው። የመርካቶ ትልልቅ ነጋዴዎች ስንቶቹ ከዚያ እንደተነሡ ብታውቂ አሁን የምትመለከቺው ልጅ ሌላ ሰው ሆኖ ይታይሻል። እኔ ግን ነገ ትልቅ ሰው ይሆናል ብለሽ አክብሪው አልልሽም። ምንም ባይሆንም አክብሪው።

8. የሌለ ሰው አይታማ

ሱቅሽ ውስጥ ወሬ አይፈላ። ሌላውን ለአንቺ ያማ ደንበኛ፣ አንቺን ለሌላው ሊያማ ነው የሚወጣው።

9. ለቅሶ አትቅሪ

ሥራ ሲደራ መጀመሪያ የሚቀረው ለቅሶ መድረስ ነው። «ጊዜ አጣሁ፣ ብር ልኬአለሁ» ይባላል። ብሩ ይላክ፤ ግን ሂጂ። ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጪ፣ ንፍሮውን ቅመሺ፣ ከእድርተኛው ጋር አምሺ። ስኬት የሚባለው ነገር ለእኔ ይህን ይጨምራል፤ ሱቁ ሞልቶ ቤቱ ባዶ የሆነበት ሰው አይቼ «ተሳካለት» ማለት አይሆንልኝም። እሑድንም ለራስሽ አድርጊ። በእምነትሽ ጸልዪ፣ እናትሽን ጠይቂ፣ እንቅልፍሽን ተኚ። የደከመች ሴት ስትለካም ስትቆጥርም ትሳሳታለች፤ ከደንበኛ ጋርም ትጣላለች።

ብዙ ጻፍኩ። አንዳንዱን ዛሬ ላታምኚው ትችያለሽ፤ አብረን ስንቀመጥ እንከራከራለን፤ እኔም በስልክ ስለሚደረገው ሽያጭ ከአንቺ የምማረው አለኝ። አሁን ወደ ጉዳዩ። ፈቃዱ ሲወጣ ደውዪልኝ። የእኛ እቁብ ከመስቀል በኋላ አዲስ ዙር ይጀምራል፤ ዳኛውን አነጋግሬዋለሁ፣ ለአንቺ ግማሽ ዕጣ ይይዛል። ዋስሽ እኔ ነኝ። መጠኑን ጸሐፊው ፊት እናስጽፋለን፤ መታወቂያሽን ይዘሽ ነይ።